የሰንበቴው ስልጆ

ስልጆ ምን እንደሆነ ለደጋ ሰው መንገር ለአራሽ ስለ ሞፈር መንገር ነው። ዳሩ ግን ስልጆን በስሙ ብቻ የሚያውቁ አንባብያን ይኖራሉ። ለእነሱ ስንል በአጭሩ እንናገር።

ስልጆ የጾም ምግብ ነው። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ይሠራል። ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይገቡበታል። በማሰሮ ተከድኖ ጥቂት ቀናት ይቀመጥና ይኮመጥጣል። ከዚያ በእንጀራ እየተጠቀሰ ይበላል። አፍንጫን ይሰነፍጣል። ዓይንን ያስለቅሳል። ቢሆንም አንዴ የጀመረ ሰው እጁን ቶሎ አይሰበስብም።

እኛ ሦስት ነን። ሁለት ወንድማማችና አንዲት እህት። ያደግነው በሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። የምንገበያየው ደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብርዱን ያነሳነው ያለ ነገር አይደለም፤ ስልጆው ላይ ስንደርስ ይመጣል።

እናታችን ያረፉት እኛ ሕፃናት ሳለን ነው። ያሳደጉን አያታችን፣ የአባታችን እናት ናቸው። እምዬ ነው የምንላቸው። እምዬ ፊደል አልቆጠሩም። ዕድሜያቸውንም በዓመት አይናገሩትም። "ጣልያን ሲወጣ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ" ይላሉ። ጣልያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከዚያ ቁጠሩ።

በልጅነታችን በሁዳዴ ጾም እሑድን የምንጠብቀው ለሰንበቴው ነበር። ቅዳሴ ሲያልቅ የአጥቢያው ሰው በሰንበቴ ቤት ይሰበሰባል። በእኛ አጥቢያ እያንዳንዱ ቤት እንጀራውንና አንድ ጣሳ ስልጆ ይዞ ይመጣል። የሰንበቴው ሙሴ ትልቁን የእንጨት ገበቴ መሐል ላይ ያስቀምጣሉ። እናቶች ተራ በተራ ጣሳቸውን እዚያ ይገለብጣሉ። ያንዷ ቀጠን ይላል፤ የሌላዋ ወፈር ይላል። ያንዷ ነጣ ይላል፤ የሌላዋ ቡላ ነው። ሙሴው በማማሰያ አንድ ላይ ያማስሉታል። ከዚያ ጸሎት ይደረግና ይበላል።

እኛ ልጆች መጨረሻ ላይ ነበር የምንጠራው። ገበቴው ሥር የቀረውን እንዝቅ ነበር። በእንጀራ እንጠርጋለን፣ እንጀራው ሲያልቅ በጣት እንጠርጋለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ ከተማ ገብተን ብዙ ዓይነት ምግብ ቀምሰናል። እንደዚያ የጣፈጠን የለም።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጣና ሰው መሰብሰቡን አቆመ። ሰንበቴውም ቆመ። በሽታው ሲረግብ በሌላው አጥቢያ ሰንበቴ ተመለሰ፣ በእኛ ግን አልተመለሰም። በመሐሉ የድንበር ጠብ ገብቶ ነበር። ነገሩ የባሕር ዛፍ ነው። የታች ቤቱ ሰውዬ በወሰናችን ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉ። አባታችን "ዛፉ እህሌን ውሃ ያስጠማብኛል" አሉ። ባሕር ዛፍ ለጎረቤት ማሳ እንደማይመች የምታውቁት ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ አልሆነም። ግማሹ ሰው ከአባታችን ወገነ፣ ግማሹ ከሰውዬው። በአንድ ገበቴ መብላት ቀረ። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉን፣ እኛ የአባታችን ልጆች ነንና ፍርድ አንሰጥም።

በ2015 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሲገባ እምዬ ታመሙ። ሳል ነበር የጀመራቸው። ሳሉ ለቀቃቸው፣ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አልተመለሰም። እኛ ከየትምህርታችን ወደ ቤት ተጠራን። ስንደርስ መደቡ ላይ ጋቢ ለብሰው ተኝተዋል። ክንዳቸው የማገዶ እንጨት አክሏል። የጤና ጣቢያው ነርስ መርምሯቸው "መድኃኒቱን ጨርሰዋል። አሁን የሚያስፈልጋቸው ምግብ ነው። ካልበሉ አቅም አያገኙም" ብሎን ነበር።

ጎረቤት ሽሮ ይዞ መጣ፣ እልበት ይዞ መጣ፣ አጥሚት ይዞ መጣ። እምዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በሦስተኛው ቀን እህታችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣

"እምዬ፣ ኧረ እባክዎ፣ ምን ቢሆን ይቀምሳሉ?" አለቻቸው።

"የሰንበቴው ስልጆ ቢሆን እቀምስ ነበር" አሉ።

እኛ የመሰለን እሳቸው ለሰንበቴ ይሠሩት የነበረው ስልጆ ነው። እንሥራላቸው አልን። ሦስታችንም ስንበላው እንጂ ስንሠራው አልኖርንም። እህታችን እንኳ በልጅነቷ ሱፍ ወቅጣለች እንጂ ማሰሮውን አልነካችም። እምዬ ማሰሮውን ለማንም አይሰጡም ነበር።

እህታችን ደብተር አወጣችና እምዬ የሚሉትን መጻፍ ጀመረች። እዚያ ላይ ተቸገርን። "ዱቄቱ ስንት ነው?" ስንላቸው "እፍኝ እፍኝ እያደረግሽ" ይላሉ። የማን እፍኝ? የእሳቸው እጅ ትንሽ ነው፣ የወንድማችን እጅ አካፋ ነው። "ውሃውስ?" ስንል "እስኪበቃው" ይላሉ። "ስንት ጊዜ ይብሰል?" ስንል "ሽታው ይነግርሻል" ይላሉ። ደብተሩ ላይ የተጻፈው እንግዲህ "እፍኝ፣ እስኪበቃው፣ ሽታው ይነግርሻል" የሚል ሆነ።

የመጀመሪያው ስልጆ ከምድጃ ሳይደርስ ቀረ። እኛ ለመቸኮል ብለን ከገበያ የተፈጨ ዱቄት ገዛን። ሻጩ "ባቄላ ነው" አለን፣ አመንነው። እምዬ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት።

"ፍሬውን አይታችኋል?" አሉ።

"አላየንም። ተፈጭቶ ነው የገዛነው።"

"ጓያ ቢኖርበትስ? ፍሬውን ያላያችሁትን ለሰው ታበላላችሁ?"

ዱቄቱ ጓያ ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን የእምዬ ስጋት ትክክል ነው፣ ትንሽ እንቁምበት። ጓያ ድርቅን ይችላል፣ ውሃ የተኛበት መሬት ላይም ይበቅላል። ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ሰውም የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። ሌላ እህል አጥቶ ሁለት ሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳበታል። እንዲህ የሰለለ እግር ተመልሶ አይድንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት ድርቅ ከደረሰ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። "የሚይዘው እንፋሎቱ ነው" የሚሉ አሉ። እንፋሎቱ አይደለም፣ መብላቱ ነው። መዘፍዘፍና መቁላት መርዙን ይቀንሱታል እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። ስለዚህ ፍሬውን አይቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት ይሻላል።

ዱቄቱን ተውነው። ከገዛ ጎታችን ባቄላ ቀዳን። ባቄላውን በምጣድ ለስለስ አድርገን አመስን። ከካነው፣ ቅርፊቱን አበጠርነው፣ አስፈጨነው። ሱፉን ከገበያ ገዛን። ሱፍ እሾሃም ነው። ገበሬው ከጤፍ ማሳ ዳር ዳር የሚዘራው ከብት እንዳይገባበትም ጭምር ነው። ፍሬው ግን ነጭና ቅባታም ነው። ሱፉን ለብ አድርገን አሞቅነው፣ በሙቀጫ ወቀጥነው፣ ሙቅ ውሃ አፈሰስንበትና በንጹሕ ሻሽ ጨመቅነው። የወጣው ውሃ ወተት ይመስላል። እዚህ ድረስ ጎበዞች ነበርን።

የሱፉን ውሃ ጣድን። ዱቄቱን እያማሰልን ጨመርንበት። ሲበስልና ሲወፍር ካወጣነው በኋላ ወዲያው፣ ገና እየተንፈቀፈቀ፣ ሰናፍጩን ጨመርንበት። በማሰሮ አድርገን ከደንነው። ታዲያ ስለቸኮልን በየቀኑ እየከፈትን እንቀምሰው ነበር፣ ያውም ባልደረቀ ማንኪያ። ሁለት ቀን አልኮመጠጠም። ሦስት ቀን አልኮመጠጠም። በአምስተኛው ቀን ከላዩ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። ሽታውን አንናገርም። ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ውሻው እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ምን ሆነ? ስልጆን የሚያኮመጥጡት ለዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን ናቸው። እርጎን እንደሚያረጉት፣ የእንጀራን ሊጥ እንደሚያቦኩት ማለት ነው። ከሰናፍጩ ጋር አብረው ይገባሉ። የፈላ ነገር ውስጥ ከገቡ ይሞታሉ። እኛ በእሳት ፈጀናቸው። ኮምጣጣ የሚሆነው ሲቀር ደግሞ ሻጋታው ቦታውን ያገኛል። ብርዱም አለ። በእኛ አገር ብርድ ማሰሮ መሬት ላይ ከተቀመጠ ሊጥ እንኳ ቶሎ አይቦካም።

በዚያ ሳምንት እምዬ ከአጥሚት ሁለት ሦስት ማንኪያ በላይ አልወሰዱም። ማታ ማታ እስትንፋሳቸውን እናዳምጥ ነበር። አባታችን ከውጭ ሲገቡ ወደ መደቡ አያዩም፣ እኛን ነው የሚያዩት። እኛም ዓይናችንን እንሰብራለን።

ሦስተኛውን ስልጆ በእርጋታ ሠራን። ይህን እንንገራችሁ፣ የፈለገ በደብተሩ ይያዘው። በእፍኝ ፈንታ በጣሳ ለካን። አንድ ጣሳ የባቄላ ዱቄት፣ አራት ጣሳ የሱፍ ውሃ። ውሃው ሞቅ ሲል ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ በተንን፣ እንዳይጓጉል ሳናቋርጥ አማሰልን። የባቄላው ጥሬ ሽታ እስኪጠፋና እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን አበሰልነው። "ሽታው ይነግርሻል" ያሉት ይህን ኖሯል። ከዚያ አወረድነውና እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ጠበቅን። ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ሰናፍጭ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ጨውና የጤና አዳም ዘለላ ጨመርን። በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደረቀ ማሰሮ አደረግነው። አፉን አስረን ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው፣ በአሮጌ ጋቢም ጠቀለልነው። ስድስት ቀን ማንም እንዳይነካው እህታችን ማለች።

በስድስተኛው ቀን ማሰሮው ሲከፈት ሽታው ሦስታችንንም አስነጠሰን። ዘለልን።

እህታችን በእንጀራ ጠቅሳ ለእምዬ አጎረሰቻቸው። አላመጡት። ዋጡት። እኛ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን።

"ጥሩ ስልጆ ነው። እጅሽ ይባረክ" አሉ። ቀጥለውም "የሰንበቴው ግን አይደለም" ብለው ተመልሰው ተኙ።

አሁንስ ምን እንበል? ምን ጎድሎ ይሆን ብለን ተከራከርን። አንዱ ዝንጅብሉ በዝቷል አለ። አንዱ የድሮው ማሰሮ ስለተሰበረ ነው አለ። ወንድማችን በሶብላ እንጨምር ብሎ ተነሣ። እህታችን ግን ተመልሳ ጠየቀቻቸው።

"እምዬ፣ የሰንበቴውን እርስዎ እንዴት አድርገው ነበር የሚሠሩት?"

እምዬ በዚያ ድካማቸው ሣቅ አሉ። "እኔ መቼ ሠራሁት? እኔ የምሠራው አንድ ጣሳ ነው። የሰንበቴውን የሚሠራው ገበቴው ነው።"

ያን ጊዜ ነው የገባን። በልጅነታችን በጣት ስንጠርግ የነበረው ያንዲት ሴት ስልጆ አይደለም። ያንዷ ባቄላ ጠቆር ብሎ የታመሰ ነው፣ የሌላዋ ገርጣ ያለ። ያንዷ ሰናፍጭ ታበዛለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት። ያንዷ ከሰነበተ ማሰሮ የመጣ፣ ሆምጣጣ ነው፣ የሌላዋ ትናንት የደረሰ። በአንድ ማሰሮ ያን ጣዕም ማግኘት አይቻልም። እኛ ሁለት ሳምንት የደከምነው በአንድ እጅ ለማጨብጨብ ኖሯል።

በማግሥቱ ሦስታችንም ጣሳ ይዘን ወጣን። የጾም ወቅት ነውና ስልጆ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። መጀመሪያ ወደ ሙሴው ዘንድ ሄድን፣ ገበቴውን ፈልገን። ገበቴው ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። ጥቀርሻ ለብሷል። ዶሮ ጎጆ ሠርታበት ሦስት እንቁላል ጥላበታለች። ሙሴው እንቁላሎቹን ወደ ቅርጫት አዛወሩና ገበቴውን አወረዱልን። "ለእሳቸው ከሆነስ እኔም አንድ ጣሳ አለኝ" አሉ። ከላይ ቤት ወሰድን። ከወንዝ ማዶ ወሰድን። በየቤቱ "ይሄ እኮ ገና አልበሰለም"፣ "ይሄ እኮ በጣም ኮመጠጠ" እያሉ ይቅርታ ይጠይቁን ነበር። የፈለግነውም ያንኑ ነበር። ከአምስት ቤት አምስት ጣሳ አገኘን። የእኛ ሲጨመር ስድስት። ወደ ታች ቤት ግን አልሄድንም። ለምን እንዳልሄድን ታውቃላችሁ።

ገበቴውን በፈላ ውሃ አጥበን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ መደቡ አጠገብ አስቀመጥን። ጣሳዎቹን ተራ በተራ ገለበጥን። ወንድማችን አማሰለ። እምዬ ድምፁን ሰምተው ያለ ማንም እርዳታ በክርናቸው ቀና አሉ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የቀመሱት። "ይሄ ሽንኩርት የሙሴው ቤት ነው" አሉ። "ይሄ የወንዝ ማዶዋ ነው። እሷ መቼም ባቄላ ስታምስ ወሬ ይዛ ታሳርረዋለች።" ሁለተኛውን ጎረሱ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ጤና አዳሙ የታለ?"

ጤና አዳም ሁላችንም ጨምረናል። እምዬ የጠየቁት ግን እሱን አይደለም። የታች ቤቷ እትዬ አጥራቸውን ዙሪያውን ጤና አዳም ተክለዋል። በዚያ በኩል ሲያልፉ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ከማንም ይልቅ በስልጆ ላይ የሚያበዙት እሳቸው ናቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባታችን በር ሥር ተቀምጠው የሞፈር እንጨት ይጠርባሉ። መጥረቢያቸውን አቆሙ። ብዙ ጊዜ ያለፈ መሰለን። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

"ጣሳውን እጠቢና ሂጂ" አሏት እህታችንን።

ሦስታችንም ሄድን። ውሻው ጮኸብን፣ ሦስት ዓመት አላየንም። እትዬ በር ላይ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጣሳውን አዩ።

"እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆች።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። ስልጆ ፈልገን ነው።"

"ለእሳቸው ነው?"

"አዎ። ጤና አዳሙ የታለ አሉ።"

እትዬ መልስ አልሰጡንም። ጣሳውን ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ጣሳው እስከ አፉ ሞልቷል። ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብለው ሁለት ዘለላ ቆረጡና ላዩ ላይ አጋደሙት። ዓይናቸው ቀልቷል። "ሰናፍጩ ነው" አሉን፣ ምንም ሳንጠይቃቸው። ቀጥለውም "ታመው ሳልጠይቃቸው የቀረሁ እግሬ ተሰብሮ መስሏችኋል?" አሉ።

ያን ማታ እምዬ አንድ ሙሉ እንጀራ በሉ። ይህን ስንል አልተጋነነም፣ እንጀራዋ ትንሽ ብትሆንም። በማግሥቱ ጠዋት "ከገበቴው የተረፈ አለ?" ብለው ጠየቁ። እኛ ሌሊት ጠርገነው ነበርና አፈርን። ከማሰሮው ሰጠናቸው፣ እያጉረመረሙም ቢሆን በሉት።

የታች ቤት ጣሳ እኛ ዘንድ ቀርቷል። ጣሳ ደግሞ ይመለሳል። አመሻሽ ላይ እኛ ልንወስድ ስንነሣ አባታችን ቀድመው ያዙት። ጋቢያቸውን ተከናነቡና ወጡ። በመስኮት አየናቸው። ባሕር ዛፉ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ ከዚያ አለፉት።

እምዬ የበሩን ድምፅ ሰሙ።

"ማን ነው የወጣው?"

"አባባ ናቸው።"

"ወዴት?"

"ጣሳ ሊመልሱ።"

"ባዶውን?"

"ኧረ የለም። ገብስ ቆልተን ሞልተንበታል።"

እምዬ ጥቂት ዝም አሉ። "ሱፍ ጣል አድርጋችሁበታል?" አሉ።